ሳህኑ ላይ ያለው ብረት ወደ ደም የሚገባው መቼ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የደም ማነስ በእርግዝና ጊዜ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ጠያቂዎቹ በእርግዝና ክትትል ወቅት "ደምሽ አንሷል" የተባሉና የጎደለውን በምግብ መሙላት የሚፈልጉ እናቶች ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አጣምረን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን እነሆ።

ጥያቄ፦ የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ሄሞግሎቢኔ 10.3 ነው ተብዬ የብረት ኪኒን ታዘዘልኝ። መድኃኒት መዋጥ አልወድም። ጠንክሬ ብመገብ ኪኒኑን መተው እችላለሁ?

መልስ፦ በዚህ ቁጥር ኪኒኑን ባይተዉ ይሻላል። ምክንያቱን በሂሳብ እናሳይዎት።

በእርግዝና የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) ከ11 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። በመካከለኛዎቹ ሦስት ወራት መለኪያው ወደ 10.5 ዝቅ ይላል። ይህ የሆነው የደም ፈሳሹ በግማሽ ያህል ሲጨምር ቀይ የደም ሴሎች የሚጨምሩት በሩብ ገደማ ብቻ ስለሆነ ነው። ደሙ ስለሚቀጥን ቁጥሩ በተፈጥሮው ይወርዳል። የእርስዎ 10.3 ግን ይህ መቅጠን ታስቦ ከተቀመጠው ወለል በታች ነው። መጠኑ ቀላል ነው፤ ሆኖም ገና ከግማሽ በላይ ብቻ ነው የተጓዙት፣ ከባዱ ፍላጎትም ከፊት አለ።

አንድ እርግዝና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በድምሩ ወደ 1000 ሚሊ ግራም ብረት ይፈልጋል። ሲሶው ያህል ለፅንሱና ለእንግዴ ልጁ ይሄዳል፤ ግማሽ የሚጠጋው የእናትን ደም ለማብዛት ይውላል፤ የቀረው ሰውነት በየቀኑ የሚያጣውን ይተካል። ብዙ ሴቶች ደግሞ እርግዝና ሲጀምሩ በክምችት ያላቸው ከ300 ሚሊ ግራም አይበልጥም። በቀን ሲሰላ በመካከለኛዎቹ ወራት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ግራም፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ከ6 ሚሊ ግራም በላይ ብረት ደም ውስጥ መግባት አለበት። እዚህ ላይ "መግባት" የሚለው ቃል ይሰመርበት። ጥሩ የተመጣጠነ ምግብ በቀን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ብረት ቢይዝ፣ አንጀት ከዚያ ውስጥ የሚወስደው እንደ ምግቡ ዓይነት ከአሥር አንድ ወይም ከአምስት አንድ ያህሉን ነው። ስለዚህ 15 ሚሊ ግራም በልተው ደም ውስጥ የሚገባው 2 ወይም 3 ሊሆን ይችላል።

ሰውነት ይህን ስለሚያውቅ እርግዝናው ሲገፋና ክምችቱ ሲቀንስ አንጀት ከወትሮው የበለጠ ብረት መውሰድ ይጀምራል። ሙሉ ክምችት ይዛ ያረገዘች ሴት በጥሩ ምግብ ብዙ ርቀት የምትሄደውም ለዚህ ነው። ክምችቷ ያለቀ ሴት ግን በምግብ ብቻ የዕለቱን ፍላጎት አሟልታ፣ ያለፈውን ጉድለትም ሞልታ በቀሩት 18 ሳምንታት መድረስ ይቸግራታል። ለንጽጽር ያህል፣ 60 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብረት ያለው አንድ ኪኒን 800 ግራም ገደማ ደረቅ ጥራጥሬ ከሚይዘው ብረት አያንስም። ይህን ያህል በየቀኑ መብላት የሚችል ሆድ የለም።

በሚቀጥለው ክትትል የፌሪቲን ምርመራም ይጠይቁ። ሄሞግሎቢን በእጅ ያለውን የሚያሳይ ከሆነ ፌሪቲን ጎተራውን የሚያሳይ ነው። ከ30 ማይክሮ ግራም በሊትር በታች ከሆነ ክምችቱ ሳስቷል፤ ከ15 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ኢንፌክሽን ካለ ግን ፌሪቲን ከፍ ብሎ ሊታይና ሊያሳስት ስለሚችል፣ ጉንፋን ወይም ትኩሳት በያዘዎት ሰሞን ባይመረመሩ ይመረጣል።

ኪኒኑ የጎደለውን ይሞላል፤ ምግቡ የተሞላው እንዳይጎድል ይይዛል። የምግቡን ሥራ ከቀጣዩ ጥያቄ ጋር በዝርዝር እንመልከት።

ጥያቄ፦ ሥጋ፣ ዓሣም ሆነ እንቁላል አልበላም፤ ወተት ግን እጠጣለሁ። ምስርና ስፒናች ከማዕዴ ጠፍተው አያውቁም። እንዲያም ሆኖ በ12 ሳምንት 11.4 የነበረው ሄሞግሎቢኔ በ28 ሳምንት 9.9 ሆነ። ጠዋት የሙሉ ስንዴ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ምስር በሩዝ እና ወዲያው ቡና፣ ማታ የተቀቀለ ስፒናች ከአንድ ብርጭቆ ወተት ጋር ነው የምወስደው። ምን አጎደልኩ?

መልስ፦ የምግቦቹ ምርጫ መልካም ነው። ችግሩ ያለው አብረዋቸው በሚወስዷቸው ነገሮች ላይ ነው። የጻፉልንን ቀን እንቁጠረው። ሦስት ቁራጭ የሙሉ ስንዴ ዳቦ 2.5 ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለው። ወደ 200 ግራም የሚሆን የበሰለ ምስር 6.5 ገደማ፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ስፒናች ወደ 6 ሚሊ ግራም ይጨምራል። ድምሩ 15 ነው። ወረቀት ላይ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በሦስቱም ማዕድ ላይ ብረቱን ይዞ የሚያስቀር ነገር አብሮ ተቀምጧል።

በእህል፣ በጥራጥሬና በቅጠል ውስጥ ያለው ብረት ከሥጋው የተለየ ነው። አንጀት ውስጥ ሲደርስ ካገኘው ነገር ጋር ይጣበቃል። የሻይና የቡና ፖሊፌኖል፣ የእህል ገለባ ፋይቴት፣ የወተት ካልሲየም፣ ሁሉም ይይዙታል። በዚህ የተነሳ ከዚህ ዓይነቱ ብረት ወደ ደም የሚገባው እንደ ሁኔታው ከመቶ 2 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሲመቻችለት ደግሞ ወደ 20 ይደርሳል። የዚያኑ ምስር ዋጋ በአሥር እጥፍ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው አጃቢው ነው ማለት ነው። ከያዦቹ በተቃራኒ የሚቆመው ዋነኛው ረዳት ቫይታሚን ሲ ነው፤ ብረቱን አንጀት ወደሚቀበለው መልክ ይለውጠዋል፣ ከፋይቴትና ከፖሊፌኖልም ያስጥለዋል። የሚሠራው ግን በዚያው ማዕድ ላይ፣ በዚያው ጉርሻ አብሮ ሲገባ ነው። ጠዋት የተበላ ብርቱካን የማታውን ስፒናች አይረዳም።

አሁን ቀንዎን እንደገና እናስተካክለው።

ቁርስ። ሻዩ ከዳቦው ይለይ። በምትኩ አንድ መካከለኛ ብርቱካን ይብሉ፤ ወደ 70 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ አለው። ብርቱካን ከሌለ አንድ ዘይቱን ወይም አንድ ሰፋ ያለ ቁራጭ ፓፓያ ይበቃል። ዳቦው በእርሾ ለብዙ ሰዓት የቦካ ቢሆን ይመረጣል፤ ሊጡ ሲቦካ ከፋይቴቱ ብዙው ይፈርሳል። ዱቄቱ ብረት የተጨመረበት እንደሆነም ማሸጊያው ላይ ያንብቡ።

ሻይና ቡና። ብዙዎች "ከምግብ በኋላ ትንሽ ቆይቼ ነው የምጠጣው" ይላሉ። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣ ቡና ግን አብሮ የተጠጣውን ያህል ብረቱን እንደሚይዝ በምርመራ ታይቷል፤ ምግቡ ገና ከጨጓራ አልወጣምና። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን አልጎዳም። ስለዚህ ቡናውን ከምሳ አንድ ሰዓት በፊት ያድርጉት፤ አለበለዚያ ከምግብ ሁለት ሰዓት ይራቅ። ካፌይን የሌለው ቡናም ፖሊፌኖሉ አለውና ከዚህ ደንብ አያመልጥም። በእርግዝና ጊዜ የካፌይኑን መጠን በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ማሳነስም ይመከራል፤ ይህም እንደ ቡናው ውፍረት አንድ ወይም ሁለት ሲኒ ነው።

ምሳ። ምስሩን ለጥቂት ሰዓታት፣ ሽምብራና ቦሎቄ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይዘፍዝፉ። የዘፈዘፉበትን ውኃ ይድፉና በአዲስ ውኃ ይቀቅሉ፤ ከፋይቴቱ ከፊሉ ከውኃው ጋር ይሄዳል፣ ሆድ መንፋቱም ይቀንሳል። ጥራጥሬው ጥቂት ጎንቁሎ ቢበስል ደግሞ የተሻለ ነው፤ ሲበቅል ፋይቴቱን ራሱ ይፈታዋል። ይሁን እንጂ ነፍሰ ጡር ብቅል ጥራጥሬን ጥሬውን መብላት የለባትም፤ ሞቃትና እርጥብ በሆነው ማብቀያ ውስጥ ጎጂ ባክቴሪያዎችም አብረው ይራባሉና በደንብ መብሰል አለበት።

ከዚያ ቫይታሚን ሲ ይጨመርበት። እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው፣ ቲማቲሙና ቃሪያው ከምስሩ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲንተከተክ መቆየቱ ነው፤ ሙቀት ቫይታሚን ሲን ይገድለዋል። ድስቱ ከወረደ በኋላ አንድ እፍኝ ጥሬ ቃሪያ ቢከተፍበት፣ 50 ግራም ያህሉ ብቻ ወደ 40 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ሎሚን ሁለት ሦስት ጠብታ ጠብ አድርጎ ረዳው ብሎ ማሰብ ነው። የአንድ ሎሚ ጭማቂ በሙሉ ተጨምቆ እንኳ 20 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በአንድ ማዕድ ቢያንስ 50 ሚሊ ግራም እንዲሆን ያቅዱ፤ ሎሚውን ከቃሪያው ጋር፣ ወይም ቃሪያውን ከብርቱካኑ ጋር አድርገው ያሟሉት።

እራት። ስፒናች ብረት እንዳለው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ፖሊፌኖሉና ሌሎች ውሕዶቹ አጥብቀው ስለያዙት ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ስፒናችን ለፎሌቱ (ለደም መሠራት ለሚያስፈልገው ቫይታሚን) ይብሉት እንጂ የብረት ምሰሶ አያድርጉት። በሳምንት አራት አምስት ቀን እራቱ ላይ ሽምብራ፣ ቦሎቄ ወይም አኩሪ አተር ይግባ፤ ከጎኑም ለአጭር ጊዜ ብቻ በእንፋሎት የበሰለ ጥቅል ጎመን ወይም የአበባ ጎመን ይኑር።

ወተት። አይተዉት፤ ካልሲየሙ ለእርስዎም ለልጁም ያስፈልጋል። ቦታው ግን ይቀየር። ምሳና እራት መካከል፣ ከሁለቱም ሁለት ሰዓት ያህል ርቆ ቢጠጣ ማንንም አይጎዳም። የካልሲየም ኪኒን የታዘዘልዎት ከሆነም እዚያው ይሁን። በዚህ አደራደር የመኝታ ሰዓት ነጻ ይሆንልዎታል፤ የብረቱ ኪኒን ሻይም ወተትም ሳያገኘው በዚያ ሰዓት በውኃ ይዋጣል።

መክሰስ ሲያምርዎት 30 ግራም የዱባ ፍሬ (አንድ እፍኝ ነው) 2.5 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት አለው። ከፍራፍሬ ጋር ይሁን። የሚያበስሉት በብረት ድስት ከሆነ፣ በተለይ እንደ ቲማቲም ያለ ጎምዛዛ ነገር ሲበስልበት ከድስቱ ብረት ወደ ምግቡ ይገባል፤ በሌላ ቅብ የተሸፈነ ድስት ግን ይህ ጥቅም የለውም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ሥጋና እንቁላል የማትበላ ሴት ቫይታሚን ቢ12ም ሊያንሳት ይችላል፤ ይህም በራሱ የደም ማነስ ያመጣል፣ በብረት አይድንም። ምርመራውን ይጠይቁ። 9.9 ደግሞ መካከለኛ የሚባለው የደም ማነስ ክልል ነው፤ ይህን ሁሉ ማስተካከያ ከሐኪም ሕክምና ጋር እንጂ በእሱ ምትክ አያድርጉት።

ጥያቄ፦ ሥጋ እበላለሁ። እናቴ "ለደም እንደ ጉበት የለም፣ በየቀኑ ብዪ" ትለኛለች። የ9 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ልስማት?

መልስ፦ እናትዎ ስለ ብረቱ እውነት አላቸው። 100 ግራም የበሰለ የከብት ጉበት ከ6 ሚሊ ግራም በላይ ብረት አለው፤ ያውም አንጀት በቀላሉ የሚቀበለው። ነገር ግን ያው 100 ግራም ከ7000 ማይክሮ ግራም በላይ ቫይታሚን ኤ ይዟል። ለነፍሰ ጡር የላይኛው ወሰን በቀን 3000 ነው። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ፣ በተለይ የልጁ አካል በሚቀረጽበት በእነዚህ የመጀመሪያ ወራት፣ የአፈጣጠር ጉድለት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ አሁን ጉበት ባይበሉ ይሻላል። በካሮትና በመሳሰሉት ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ መነሻ ግን ይህ ችግር የለበትም፣ አይፍሩት። የሚወስዱት የቪታሚን እንክብል ካለ "ሬቲኖል" (እንደ ጉበቱ ያለው ቫይታሚን ኤ) የሚል እንዳለው ለሐኪምዎ ያሳዩ።

ቀይ ሥጋ ይበቃዎታል። 100 ግራም የበሰለ የበሬ ሥጋ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ግራም ብረት አለው። ቁጥሩ ከምስር ያነሰ ይመስላል፤ ሆኖም ከሥጋ ብረት ግማሽ ያህሉ በልዩ መልክ የተቀመጠ ስለሆነ ከእሱ ሩብ የሚሆነው ወደ ደም ይገባል፣ ሻይና ፋይቴትም ብዙ አይነኩትም። ከዚህ ሌላ ሥጋ አብሮት የተበላውን የጥራጥሬ ብረት ይስባል። 60 ወይም 70 ግራም ሥጋ ከቦሎቄ ጋር የተሠራ ወጥ፣ አንድ ቀን ብዙ ሥጋ በልቶ ሦስት ቀን ከመተው ይበልጣል። ዶሮና ዓሣም ይህንኑ የመሳብ ሥራ ይሠራሉ፤ የዶሮ የጭኑ ሥጋ ከደረቱ ይልቅ ብረት አለው። ሥጋው መሃሉ እስኪነጣ በደንብ ይብሰል፤ ጥሬ ወይም ለብ ያለ ሥጋ ለፅንሱ አደገኛ የሆነውን ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኪኒኑን ስወስድ ያቅለሸልሸኛል፣ ሆዴ ይደርቃል፣ ሰገራዬም ጥቁር ሆነ። ፈርቼ ከአሥር ቀን በፊት አቆምኩ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ የሰገራው መጥቆር ወደ ደም ያልገባው የብረት ትርፍ ነው፣ አያስፈራም። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ፣ ወይም ቀይ ደም ካዩበት ግን ያ የመድማት ምልክት ነውና ወዲያው ይታዩ።

ማቅለሽለሹን ለመቀነስ መጀመሪያ ሰዓቱን ይቀይሩ። በባዶ ሆድ፣ ማለትም ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ መውሰዱ ብረቱን የበለጠ ያስገባል፤ የማይስማማት ሴት ግን ማታ ስትተኛ ወይም ከትንሽ ምግብ ጋር ብትወስደው ይሻላል። ከነጭራሹ ካልተዋጠ ኪኒን፣ ከምግብ ጋር የተዋጠው ይበልጣል። ያ ምግብ ወተት፣ እንቁላል ወይም የገለባ ዳቦ አይሁን፤ አንድ ፍራፍሬ ይበቃል። በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይዋጥ፤ በሻይ በጭራሽ።

ሁለተኛው፣ መጠኑ ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግራ ያጋባል። "ፌረስ ሰልፌት 300 ሚሊ ግራም" የሚለው ኪኒን ውስጥ ያለው ንጹሕ ብረት 60 ሚሊ ግራም ነው፤ "ፌረስ ግሉኮኔት 300" ደግሞ 35 ገደማ። ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር እንደ መከላከያ የሚመከረው በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብረት ከ0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ጋር ነው፤ የደም ማነስ ሲገኝ ሐኪም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከፍ ያለው መጠን ካስቸገረዎት መጠኑን መቀነስ ወይም የብረቱን ውሕድ ዓይነት (ለምሳሌ ከሰልፌት ወደ ግሉኮኔት) መቀየር ይቻላል። አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድም አለ፤ ብረት ከተዋጠ በኋላ ሰውነት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን አውጥቶ ለአንድ ቀን ያህል በሩን ጠበብ ስለሚያደርግ፣ የሚቀጥለው መጠን ትንሽ ቆይቶ ሲመጣ በተሻለ ይገባል። ይህን ግን ቁጥርዎን የሚያውቀው ሐኪም ይወስን።

ለሆድ ድርቀቱ በቀን ቢያንስ ስምንት ብርጭቆ ውኃ፣ ከነልጣጩ የተበላ ፍራፍሬ፣ ጠዋት ጠዋት ሦስት አራት የደረቀ ፕሪም፣ የ30 ደቂቃ እግር ጉዞ ይሞክሩ። ለቃር ብለው የጨጓራ አሲድ ማብረጃ የሚወስዱ ከሆነ ከብረቱ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራቅ፤ የታይሮይድ መድኃኒት ከሆነ በአራት ሰዓት።

የረሱትን በማግስቱ ደርበው አይዋጡ። ኪኒኑንም ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡት። ከረሜላ የሚመስለው ይህ ኪኒን ጥቂቱ እንኳ ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። ይህን የምንጽፈው በጥብቅ ማሳሰቢያ ነው።

ጥያቄ፦ የቀይ ሥር ጭማቂ ደም ይሞላል ይባላል። በቀን ስንት ብርጭቆ ልጠጣ?

መልስ፦ ቀለሙ ነው ያሳሳተው። 100 ግራም ቀይ ሥር ያለው ብረት ከ1 ሚሊ ግራም በታች ነው። ጥሩ የፎሌት ምንጭ ስለሆነ ይብሉት፣ ደም ይሞላል ብለው ግን ሌላውን አይተዉበት። ተምርም እንዲሁ ነው፤ 100 ግራሙ ወደ 1 ሚሊ ግራም ብረት ሲኖረው ስኳሩ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ለሰው መናገር አፍራለሁ። ካረገዝኩ ወዲህ አፈርና ኖራ መብላት ያምረኛል፣ በረዶም እቆረጥማለሁ። አመሌ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አመል አይደለም፣ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። ምግብ ያልሆነ ነገር ማማር፣ በተለይ በረዶ መቆርጠም፣ የብረት እጥረት የታወቀ ምልክት ነው። ብረቱ መሞላት ሲጀምር አምሮቱ ብዙ ጊዜ ከሄሞግሎቢኑ መስተካከል ቀድሞ ይጠፋል። በረዶው ከጥርስ በቀር ብዙ አይጎዳም። አፈሩ ግን ይቁም። የምግቡን ብረት አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፤ የጥገኛ ትሎች እንቁላልና እንደ እርሳስ ያሉ መርዛማ ብረቶች ሊኖሩበት ይችላሉ፣ እርሳስ ደግሞ በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል። በክትትል ቀን ለአዋላጅዎ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ስትሰማ የትኛውን ምርመራ ማዘዝ እንዳለባት ታውቃለች።

ጥያቄ፦ ኪኒኑን ስድስት ሳምንት ሙሉ ወሰድኩ፣ ቁጥሬ ግን ከ9.6 ንቅንቅ አላለም። ለምን?

መልስ፦ በትክክል የሚወሰድ ብረት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሄሞግሎቢንን ቢያንስ በ1 ግራም ከፍ ማድረግ አለበት። ካላደረገ መጠኑን ዝም ብሎ መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

መጀመሪያ አወሳሰዱን ያጢኑ፦ ስንት ቀን ተዘለለ? ከሻይ፣ ከካልሲየም ወይም ከጨጓራ መድኃኒት ጋር ነበር? አብዛኛው ችግር የሚገኘው እዚህ ነው። አወሳሰዱ ደህና ከሆነ ቀጥሎ ብረቱ የሚፈስበት ቀዳዳ ይፈለጋል፦ መንጠቆ ትል፣ የሚደማ ኪንታሮት፣ የጨጓራ ቁስል። ወባ ባለበት አካባቢ ወባም ይመርመር። ከዚያ ብረቱ የማይገባበት ምክንያት ይታያል፤ በጨጓራ ባክቴሪያ የሚመጣ ሥር የሰደደ የጨጓራ ቁጣና ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም ከነዚህ ናቸው። በመጨረሻም የደም ማነሱ መጀመሪያውኑ የብረት ላይሆን ይችላል። የፎሌትና የቢ12 እጥረት የደም ሴሎችን ያተልቃቸዋል፣ የብረት እጥረት ደግሞ ያሳንሳቸዋል፤ በሙሉ የደም ቆጠራ ወረቀት ላይ "ኤም ሲ ቪ" የሚለው ቁጥር ይህን ይጠቁማል። ሴሎቹ አንሰው ፌሪቲኑ ግን ሙሉ ከሆነ ታላሴሚያ የሚባለው የዘር የደም ሕመም ይጠረጠራል፤ በዚያ ጊዜ ብረት መጨመር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። የሚዋጠው አልሠራ ሲል በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ብቻ፣ በሕክምና ተቋም ውስጥ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የ35 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። ሄሞግሎቢኗ 6.8 ነው ተብላለች። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ቤት ውስጥ ምን ምን ላብላት?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህ የምግብ ጥያቄ አይደለም። ከ7 በታች ከባድ የደም ማነስ ነው። ወሊድ ቀርቧል፤ በወሊድ ጊዜ ለሌላዋ እናት ቀላል የሆነ የደም መፍሰስ ለእሷ ሕይወቷን የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ደም መስጠት ወደሚችል ሆስፒታል ይውሰዷት። ተቀምጣ እያለች ትንፋሽ ካጠራት፣ ልቧ በኃይል ከመታ፣ ደረቷን ካመማት፣ ራሷን ከሳተች ወይም ደም ከፈሰሳት ደግሞ በድንገተኛ ክፍል በኩል ይግቡ። ደም የሚለግሱ ዘመዶችን አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ቤት ውስጥ መውለድም ከዕቅዱ ይውጣ። ከላይ የጻፍነው የምግብ አደራደር ከሆስፒታል ስትመለስ ይጠቅማታል።

ጥያቄ፦ ኪኒንና ምግብ አስተካክዬ ከ9.8 ወደ 11.6 ደረስኩ። 33ኛ ሳምንቴ ነው። አሁን ኪኒኑን ላቁም?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ግን አያቁሙ። ሰውነት ያገኘውን ብረት መጀመሪያ ለደም ያውለዋል፣ ወደ ክምችት የሚያስቀምጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሩ ልክ በገባበት ቀን ጎተራው ገና ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላ ለሦስት ወር ያህል፣ ቢያንስም ከወሊድ በኋላ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ይቀጥሉ፤ መጠኑን ወደ መከላከያው ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

በወሊድ ዕለት ደግሞ ከአዋላጅዎ ጋር አስቀድመው የሚነጋገሩበት አንድ ነገር አለ። ሕፃኑ ሲወለድ እትብቱ ከመታሰሩ በፊት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቢቆዩ፣ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ያለው ደም ወደ ሕፃኑ ያልፋል፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሆነው የብረት ክምችቱም ይጨምራል። ሕፃኑ የነፍስ አድን እርዳታ ካላስፈለገው በቀር ይህ ለሁለታችሁም ጉዳት የለውም። የጡት ወተት ብረቱ ጥቂት ነው። በጊዜው የተወለደ ጤናማ ሕፃን በዚህ ክምችት እስከ ስድስት ወር ገደማ ይዘልቃል። ስድስት ወር ሲሞላው ከሚጀምራቸው ምግቦች መካከል በደንብ የበሰለና የላመ ሥጋ፣ ወይም ተዘፍዝፎ የበሰለና የተፈጨ ምስር ከጥቂት ብርቱካን ጭማቂ ጋር ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ይኑርበት።